ለቡናችን የፌርትሬድ ሰርተፊኬት ማውጣት እንፈልጋለን፤ ከየት እንጀምር?

የጌራ ልጅ · ጥቅምት 20

ሰላም ለቤቱ። ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

አባቴ ጅማ፣ ጌራ ወረዳ 38 ሄክታር የቡና እርሻ አለው። አነስተኛ የእሸት (የቀይ ቡና ፍሬ) መፈልፈያ ጣቢያም አለን። በለቀማ ጊዜ ወደ 60 ለቃሚ እንቀጥራለን። ከዚያ ውጪ 140 ገደማ ጎረቤት ገበሬዎች እሸታቸውን ለእኛ ያስረክባሉ። ዘንድሮ የላኪነት ፈቃድ አወጣን። አንድ የጀርመን ገዢ ናሙናችንን ቀምሶ በጣም ወደደው። ከዚያ የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ፌርትሬድ ናችሁ?» ምርቱ ለአምራቹ ፍትሐዊ በሆነ ንግድ መሸጡን የሚያሳየውን ምልክት ማለቱ ነው።

አይደለንም። ይህን የሰማ አንድ አማካሪ «350 ሺህ ብር ክፈሉኝ፤ በሁለት ወር ሰርተፊኬቱን አመጣላችኋለሁ» አለን። አባቴ ሊከፍል ተነስቷል። እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ማን ነው የሚሰጠው? ምን ይጠየቃል? ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ከይርጋለም · ጥቅምት 20

ወንድሜ፣ ብሩ ገና ከእጃችሁ ካልወጣ አባትህን ዛሬውኑ አስቁማቸው። ሰርተፊኬቱን የሚሰጥ አማካሪ የለም። ለዓለም አቀፉ ፌርትሬድ ምርመራውን የሚያካሂደውና ውሳኔውን የሚሰጠው ፍሎሰርት የሚባል ድርጅት ነው። ዋና ቢሮው ጀርመን፣ ቦን ነው። ማመልከቻው በቀጥታ ለእነሱ ይገባል። ክፍያውም በቀጥታ ለእነሱ ነው፤ በዩሮ። አማካሪ ሰነድ በማዘጋጀት ሊረዳህ ይችላል። ውጤቱን ግን ቃል ሊገባልህ አይችልም። ቃል ከገባልህ ራቀው።

እኔ ሲዳማ ውስጥ በአንድ ዩኒየን (የገበሬ ማኅበራት ኅብረት) 9 ዓመት በሰነድ ክፍል ሠርቻለሁ። የማውቀውን ልንገርህ፤ ከባዱን ላስቀድም።

በቡና ላይ ዓለም አቀፉ ፌርትሬድ በቅጥር ሠራተኛ የሚለማ የግል እርሻን አይቀበልም። ለአበባ ይቀበላል። ለሻይና ለሙዝም ይቀበላል። ለቡና ግን አምራች ብሎ የሚመዘግበው የአነስተኛ ገበሬዎችን ድርጅት ብቻ ነው። ምክንያት አላቸው። ሁለት ሄክታር የማይሞላ መሬት ያለው ገበሬ ብቻውን ገበያ ላይ ጉልበት የለውም። ትልቅ እርሻ በዚያው ምልክት ገብቶ ከተወዳደረው መልሶ ከገበያ ይወጣል ይላሉ።

ስለዚህ የአባትህ 38 ሄክታር በዚህ በር አይገባም። እሸት የሚያስረክቧችሁ 140 ገበሬዎች ግን ይገባሉ። ተደራጅተው፣ በራሳቸው ስም።

የጌራ ልጅ · ጥቅምት 20

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። አባቴን ደውዬ አስቁሜዋለሁ። ደነገጠ። «ታዲያ እኛ ምን እናገኛለን?» ነው ያለኝ። እውነት ለመናገር የእኔም ጥያቄ እሱ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና · ጥቅምት 21

ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። አነስተኛ የቡና መቁያ አለኝ። ጋሼ ያሉት ትክክል ነው፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር። «ፌርትሬድ» የሚባለው ምልክት አንድ ብቻ አይደለም።

እዚህ አሜሪካ ፌርትሬድ ዩኤስኤ የሚባል ሌላ ድርጅት አለ። ድሮ ከዓለም አቀፉ ጋር አብረው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ተለያዩ። የተለያዩበት አንዱ ምክንያት ደግሞ የወንድማችን ጥያቄ ራሱ ነው። ፌርትሬድ ዩኤስኤ ትልልቅ የቡና እርሻዎችንና ያልተደራጁ ገበሬዎችንም ልቀበል አለ። ሌሎቹ እንቢ አሉ። ስለዚህ የአባትህ እርሻ በዚያ በኩል ሊያመለክት ይችላል። ምልክቱ ግን የተለየ ነው። ገዢህ ጀርመን ከሆነ ምናልባት ይህ አይጠቅመውም። ከማመልከትህ በፊት «የትኛውን ምልክት ነው የምትፈልገው?» ብለህ በጽሑፍ ጠይቀው። ብዙ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ገንዘብ ያወጣል።

በእኔ በኩል ያለውንም ልንገራችሁ፤ እዚህ ላሉ የቡና ነጋዴ ልጆቻችን ይጠቅማል። እኔ የምርት ሰርተፊኬት አያስፈልገኝም። የሚያስፈልገኝ ምልክቱን ከረጢት ላይ የማተም ፈቃድ ነው። ከምልክቱ ባለቤት ጋር ውል ትፈራረማለህ። በየጊዜው ስንት ኪሎ ገዝተህ ስንት እንደሸጥክ ታሳውቃለህ። በሽያጭህ መጠን ትከፍላለህ። ጥሬ ቡናውን ደግሞ ሰርተፊኬት ካለው አስመጪ ብቻ ትገዛለህ። ከረጢቱ ሳይታተም በፊት ንድፉ መጽደቅ አለበት። እኔ ይህን ሳላውቅ አሳትሜ ምልክቱ በማይሆን ቦታ ላይ ወጣብኝ። ሁሉንም ከረጢት እንደገና አሳተምኩ።

ሌላው፣ ቡና አይቀላቀልም። በካካዎ፣ በስኳር፣ በሻይና በጭማቂ የገባው መጠንና የወጣው መጠን በወረቀት ከተመጣጠነ ይበቃል። በቡና ግን ከረጢቱ ውስጥ ያለው ፍሬ ራሱ ከዚያ ገበሬ የመጣ መሆን አለበት። ከዛፉ እስከ ከረጢቱ መከታተል መቻል አለበት። እኔ ለየብቻ አስቀምጣለሁ፣ ለየብቻ እቆላለሁ፣ ለየብቻ እመዘግባለሁ።

ከይርጋለም · ጥቅምት 21

እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በደንብ ነው ያስረዳሽው።

ወንድሜ፣ ለአባትህ ጥያቄ መልስ አለ። ፌርትሬድ ውስጥ አምራች ብቻ ሳይሆን ነጋዴም ይመዘገባል። ላኪ፣ አስመጪ፣ አቀነባባሪ፣ ሁሉም በነጋዴ ደንብ ይመረመራሉ። ስለዚህ እናንተ በላኪነት አመልክታችሁ የገበሬዎቹን ድርጅት ቡና መላክ ትችላላችሁ። መፈልፈያ ጣቢያችሁም በውል ሊሠራላቸው ይችላል። የእነሱ እሸት ግን ከአባትህ እሸት መለየት አለበት። የተለየ ሚዛን መዝገብ፣ የተለየ ገንዳ ወይም የተለየ ቀን፣ የተለየ የማድረቂያ አልጋ፣ የተለየ መጋዘን። አልጋው ላይ ያለው ታፔላ እንኳ ይጠየቃል።

አሁን ገበሬዎቹ ምን ይጠበቅባቸዋል? ሁለት መንገድ አለ። አንዱ አዲስ መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር ማቋቋም ነው። ሌላው በአካባቢው ያለውን ማኅበር መቀላቀል ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ማኅበሩ የዩኒየን አባል ከሆነና ዩኒየኑ ሰርተፊኬት ካለው፣ ማኅበሩ በዩኒየኑ ሰርተፊኬት ሥር ሊካተት ይችላል። ወጪውም ይቀላል። ብዙዎቹ የአገራችን ማኅበራት በዚህ መንገድ ነው የገቡት። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን እ.ኤ.አ. በ1999 በ34 ማኅበራት ነው የጀመረው። የሲዳማው በ2001፣ የይርጋጨፌው በ2002 ተከተሉ። ያ ጊዜ ኒውዮርክ ገበያ ላይ የቡና ዋጋ በፓውንድ (ግማሽ ኪሎ በማይሞላ ክብደት) ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች የወረደበት ነበር። ገበሬው ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለበት ጊዜ ነው። ፌርትሬድ እኛ ጋር ሥር የያዘው በዚያ መከራ ነው።

ማመልከቻው ከገባ በኋላ ኦዲተር ይመጣል። ወረቀት ብቻ አያይም። ማሳ ይሄዳል። ሊቀመንበሩን አስወጥቶ አባላትን ለብቻ ያነጋግራል። ጉድለት ካገኘ ይጽፋል፤ የማረሚያ ጊዜ ይሰጣል። የሚወስነው ደግሞ ኦዲተሩ አይደለም፤ ሪፖርቱን ቢሮ ያለ ሌላ ሰው ነው የሚያየው። የተዘጋጀ ማኅበር በወራት ይጨርሳል። ያልተዘጋጀ ዓመት ያልፈዋል።

ምን ያያል? የአባላት ዝርዝር ከነማሳቸው ስፋት። ለእያንዳንዱ እሸት ርክክብ ደረሰኝ። የሕፃናት ጉልበት። የተከለከሉ ኬሚካሎች። እኛ አካባቢ ቡና ላይ መድኃኒት የሚረጭ እምብዛም የለም። ቡናው አጠገብ ያለው ጫት ግን ይረጫል። ነፋስ ወስዶ ቡናው ላይ ያሳርፈዋል። ይህ ሁሌ ይጠየቃል፤ ከአሁኑ አስቡበት።

ከሁሉም በላይ ግን የሚያየው ቃለ ጉባኤ ነው። አንድ ያየሁትን ልንገርህ። የማኅበሩን ስም አልጠራም። የፌርትሬድ ፕሪሚየም፣ ማለትም ከቡናው ዋጋ በላይ ለማኅበሩ የሚከፈል ተጨማሪ ገንዘብ፣ መጣላቸው። የሥራ አመራር ኮሚቴው ወንዝ ላይ ድልድይ ሠራበት። ገንዘቡ አልተበላም። ድልድዩ ዛሬም ቆሟል፤ ልጆች ተማሪ ቤት የሚሄዱበት ነው። ግን ጠቅላላ ጉባኤው አልወሰነውም። ኮሚቴው ሰባት ሆኖ ተቀምጦ ወሰነ። ኦዲተሩ አባላቱን «ድልድዩን ማን ወሰነ?» ብሎ ጠየቀ። «እነሱ» አሉ። ሰርተፊኬቱ ታገደ፤ ያውም በለቀማ ወቅት። ያኔ በጣም ተናድጄ ነበር። ቆይቶ ገባኝ። ደንቡ የሚጠይቀው «ጥሩ ሠራችሁ ወይ?» ብሎ ብቻ አይደለም። «ባለቤቱ ወሰነ ወይ?» ብሎ ነው።

ስለዚህ ለአባትህ ይህን ንገራቸው። ገበሬዎቹን አደራጅተው ራሳቸው ሊቀመንበር ሆነው እንደ ድሮው ልምራ ካሉ አይሠራም። ገበሬው ነገ ሌላ ላኪ ልምረጥ ቢል መብቱ ነው። ይህን መቀበል ይከብዳል፤ አውቃለሁ። ግን የነገሩ ሥር እዚህ ጋ ነው።

አባ መላ · ጥቅምት 22

እኔ አንድ ነገር አልዋጥ ይለኛል። ይህ ሁሉ ድካም ለገበሬው ስንት ብር ይሆናል? ዋጋው ሰማይ ነክቶ አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ኒውዮርክ ላይ በፓውንድ ከ4 ዶላር አልፎ ነበር። የፌርትሬድ ዝቅተኛ ዋጋ ደግሞ 1 ዶላር ከ80 ነው። ታዲያ ምን ጠቀመ?

ከይርጋለም · ጥቅምት 22

ተገቢ ጥያቄ ነው።

ዝቅተኛው ዋጋ ወለል ነው። ለታጠበ አረቢካ እ.ኤ.አ. እስከ 2023 ድረስ በፓውንድ 1.40 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ 1.80 ሆነ። ገበያው ከዚያ በላይ ሲሆን የገበያው ዋጋ ይከፈላል። ስለዚህ ዋጋ ሲወጣ ወለሉ ሥራ የለውም። ሲወርድ ነው ሥራው። የቡና ዋጋ ወጥቶ እንደማይቀር እኔም አንተም እናውቃለን።

ፕሪሚየሙ ግን ዋጋ ወጣም ወረደም ይከፈላል፤ በፓውንድ 20 ሳንቲም። እናስላው። አንድ ኮንቴይነር 320 ኬሻ ባለ 60 ኪሎ ይይዛል፤ 19,200 ኪሎ ነው። በፓውንድ ሲመነዘር ከ42 ሺህ በላይ። ፕሪሚየሙ ወደ 8,465 ዶላር ይመጣል። ከዚህ ውስጥ ሩቡ፣ ማለትም ከ20 ሳንቲሙ ቢያንስ 5ቱ፣ ለምርታማነትና ለጥራት ይውላል። ቀሪው ጉባኤው እንደወሰነው ነው። በግለሰብ ኪስ በቀጥታ አይገባም፤ ለድርጅቱ ነው የሚከፈለው። ኦርጋኒክ ከሆነ ደግሞ በፓውንድ ሌላ 40 ሳንቲም ይጨመራል።

ብዙ ሰው የማያነሳው ሌላ ጥቅም አለ፤ ቅድመ ክፍያ። ድርጅቱ ከጠየቀ ገዢው የውሉን እስከ 60 በመቶ ቀድሞ እንዲከፍል ወይም እንዲያመቻች ይጠየቃል። እሸት የሚገዛው በጥሬ ገንዘብ ነው። በኅዳር ካዝናው ባዶ የሆነ ማኅበር እሸቱ በዓይኑ ሥር ለሌላ ሲሸጥ ያያል። እኔ ማኅበር ሲሞት ያየሁት በዚህ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ሰርተፊኬት ገዢ አያመጣም። ሰርተፊኬት ያለው ማኅበር ምርቱን ሁሉ በፌርትሬድ ይሸጣል ማለት አይደለም። ብዙዎች ከፊሉን ብቻ ነው የሚሸጡት፤ የቀረው በተራ ገበያ ይሄዳል። ፕሪሚየሙ የሚከፈለው በፌርትሬድ ለተሸጠው ብቻ ነው። የኦዲት ወጪው ግን አይቀርም። ስለዚህ ገዢው በእጅ ሳይኖር ወደዚህ ወጪ መግባት አልመክርም። አንተ ገዢ አለህ። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ዝዋይ ያደገች · ጥቅምት 23

ስለ ገበሬው ተነጋገራችሁ። ስለ ለቃሚዎቹስ? 60 ሰው ተብሏል እኮ።

የለንደን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 በኢትዮጵያና በኡጋንዳ ያደረጉትን ጥናት አውጥተው ነበር። የፌርትሬድ ድርጅቶች ባሉባቸው አካባቢዎች የሚሠሩ የቀን ሠራተኞች ደመወዝ ከሌሎቹ ቦታዎች ያነሰ ሆኖ አገኘነው አሉ። ፌርትሬድ በንጽጽሩ አልተስማማም፤ የማይመሳሰሉ ነገሮችን አነጻጽራችኋል አላቸው። እኔ ማን እንደረታ አልፈርድም። ግን ጥያቄው እውነት ነው። ገበሬው ራሱ ደሃ ነው። እሱ የሚቀጥረው ለቃሚ ከእሱ የባሰ ደሃ ነው። ያ ሰው አባል አይደለም። ጉባኤ ላይ አይቀመጥም።

እኔ አበባ እርሻ ላይ 6 ዓመት ሠርቻለሁ። እርሻው ፌርትሬድ ነበር። እዚያ ደንቡ ሌላ ነው። ፕሪሚየሙ የሽያጩ 10 በመቶ ነው፤ የሚያስተዳድረው ሠራተኛው የመረጠው ኮሚቴ ነው። እኔም ተመርጬ ነበር። ስንጨቃጨቅ እናመሽ ነበር፤ ክሊኒክ ይሁን፣ የትምህርት ወጪ ይሁን እያልን። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ያለኝ እዚያ ነው። ደመወዙ ግን ትንሽ ነበር። አገራችን ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ የላትም። ኮሚቴው ይህን መሙላት አይችልም።

ወንድሜ፣ የአባትህ እርሻ ሰርተፊኬቱን ባያገኝም ለቃሚዎቹን አትርሳ። የሚለቅሙበት ኪሎ በትክክል ይመዘንላቸው። በሳምንቱ ይከፈላቸው። የሚተኙበት ቦታ ጣሪያ ይኑረው።

የጌራ ልጅ · ጥቅምት 23

እህቴ፣ ይህን አነበብኩና ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። የእኛ ለቃሚዎች የሚያድሩበት መጠለያ ጥሩ አይደለም። እውነቱ ይሄ ነው። ከዘንድሮ ለቀማ በፊት አስተካክለዋለሁ።

ጉለሌ ሸማ · ጥቅምት 24

እኔ ቡና ውስጥ የለሁበትም። የሽመና ውጤት ነው የምሠራው፤ 22 ሸማኔና ፈታይ አሉኝ። ግን ውይይቱን ሳነብ ለእኔ ዓይነቱ አንድ ቃል ልበል አልኩ።

ለነጠላ፣ ለስካርፍ፣ ለቆዳ ሥራ ሌላ መንገድ አለ። ዓለም አቀፉ የፍትሐዊ ንግድ ድርጅት የሚባል አለ፤ መሥሪያ ቤቱ ኔዘርላንድስ ነው። እሱ ምርቱን ሳይሆን ድርጅቱን ነው የሚመረምረው። 10 መርሆች አሉት፤ ክፍያ፣ የሥራ ቦታ፣ የሴቶች እኩልነት፣ ግልጽነት፣ አካባቢ ጥበቃ። መጀመሪያ ራስህን ትገመግማለህ፤ ከዚያ ሌላ አባል ድርጅት ይጎበኝሃል፤ ኦዲተርም ይመጣል። በዘነበወርቅ የተጀመረው የቤተልሔም ጥላሁን ሶልሬብልስ ጫማም በዚህ መንገድ ማረጋገጫ አግኝቶ ነበር።

እኔ ገና ራስን መገምገሙ ላይ ነኝ። ከሁሉ የከበደኝ የክፍያው ስሌት ነው። በቁራጭ ነው የምከፍለው። «ይህች ፈታይ በሰዓት ስንት አገኘች?» ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም። አብሬያቸው ተቀምጬ በሰዓት ለካሁ። ቀጭን ድር የምትፈትለዋ ወፍራም ከምትፈትለዋ ያነሰ እያገኘች ነበር። ሥራዋ ከባድ፣ ገንዘቧ ትንሽ። ለዓመታት አላየሁትም። ወዲያው ነው ያስተካከልኩት።

ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና · ጥቅምት 24

አንድ ነገር ሳልረሳው። ገዢህ አውሮፓ ስለሆነ ፌርትሬድ ብቻውን አይበቃም። የአውሮፓ ኅብረት ከደን ጭፍጨፋ ጋር የተያያዘ ቡና እንዳይገባ እ.ኤ.አ. በ2023 ሕግ አውጥቷል። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ተራዝሟል፤ ሕጉ ግን አለ። የእያንዳንዱ ማሳ መገኛ በጂፒኤስ ይጠየቃል። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነው አንድ ነጥብ ይበቃል። ከዚያ በላይ ለሆነው ዙሪያው መለካት አለበት። የ140ውን ገበሬ ዝርዝር ስትሠሩ በዚያው ጂፒኤሱን ያዙ። ሁለት ጊዜ አትልፉ። ጌራ ደግሞ የጫካ ቡና አገር ስለሆነ ይህ በተለይ ለእናንተ ያስፈልጋል።

የጌራ ልጅ · ኅዳር 14

ተመልሻለሁ። የደረስንበትን ልንገራችሁ፤ ያለ እናንተ 350 ሺህ ብራችን ሄዶ ነበር።

ገዢውን በጽሑፍ ጠየቅሁት። የሚፈልገው የዓለም አቀፉን ምልክት ነው። ገበሬዎቹ ሰርተፊኬት ባለው ዩኒየን ሥር እስኪገቡ ይጠብቃል። ዘንድሮ ያለ ምልክቱ ትንሽ ይገዛል።

አባቴ ለሁለት ቀን አላናገረኝም። «እኔ ያሳደግሁትን ገበሬ ለሰው አሳልፌ ልስጥ?» ነበር ያለው። በሦስተኛው ቀን ራሱ ተነስቶ ጎረቤቶቻችንን ቤታችን ጠራ። ቡና ተፈላ። 41 ሰው መጣ። አባቴ ቆሞ «ማኅበር ግቡ። እኔ ሊቀመንበር አልሆንም። ጣቢያዬ ግን አለላችሁ፤ ዋጋ ከተስማማን እንሠራለን» አላቸው። አንድ ሽማግሌ «እስካሁን ስንት እንደምትሸጠው ነግረኸን አታውቅም» አሉት። አባቴ የዘንድሮውን ውል አውጥቶ አነበበላቸው። እኔ አባቴን እንደዚያ አይቼው አላውቅም።

በጎረቤት ቀበሌ ያለውን ማኅበር ለማነጋገር አምስት ሰው መረጡ። መጠለያውም ቆርቆሮ ለብሷል።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ከመጡት 11ዱ ሴቶች ናቸው። ሦስቱ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ናቸው። የቀሩት ስምንቱ ግን ባል አላቸው፤ መዝገቡ ላይ የባል ስም ብቻ ነው ያለው። ቡናውን የሚለቅሙትም የሚያስረክቡትም እነሱ ናቸው። አባል መሆን ይችላሉ?

ከይርጋለም · ኅዳር 14

ይችላሉ። ሕጉ ሴትን ከአባልነት አይከለክልም፤ ባልና ሚስት ሁለቱም አባል መሆን ይችላሉ። መተዳደሪያ ደንቡ ላይ በግልጽ አስጽፉት፤ ማኅበሩን ስታነጋግሩ መጀመሪያ የምታነሱት ነገር ይሁን።

እስከዚያው ግን ከነገ ጀምሮ እናንተ ጣቢያ ላይ የምትቆርጡትን ደረሰኝ በባል ስም አትቁረጡ። እሸቱን ተሸክማ የመጣችው ሴት ስም ይጻፍበት። የአባላት መዝገብ ሲዘጋጅ ያ ደረሰኝ ማስረጃዋ ይሆናል።

አባትህን ሰላም በልልኝ።